ከመሬት የወጣ አሮጌ የመዳብ ሳንቲም፦ ማጽዳት ይገባል? እንዴት?

በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የመዳብ ወይም የነሐስ ሳንቲም ያገኙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

አሮጌ የመዳብ ሳንቲም አገኘሁ። ላጽዳው ወይስ ልተወው?

ልቅ አፈሩን ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሥራ ግን በቂ ምክንያት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው «ማጽዳት» ሲል አረንጓዴውን ወይም ጥቁሩን ሽፋን ገፎ ሳንቲሙን እንደ አዲስ ማብረቅረቅ ማለቱ ነው። ይህ በመዳብ ላይ አይሠራም። ወርቅ በአፈር ውስጥ ሺህ ዓመት ቆይቶም በውሃ ብቻ ይጠራል። መዳብ ግን ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር እየተዋሐደ ስለሚቆይ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ከራሱ ከሳንቲሙ የተሠራ ነው። ሥዕሉና ጽሑፉም በአብዛኛው የተረፉት በዚሁ ሽፋን ውስጥ ነው። በግድግዳ ልስን ላይ የተሣለ ሥዕል ልስኑ ሲረግፍ አብሮ እንደሚረግፍ ሁሉ፣ ሽፋኑ ሲገፈፍ የንጉሡ ፊትም፣ ፊደሉም፣ ዓመተ ምሕረቱም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ሳንቲሙ ምን እንደሆነ ለመለየት የሚያስፈልገውን ያህል አፈር ከተነሣለት ሥራው አልቋል። የማንን ምስል እንደያዘና መቼ እንደተቀረጸ አሁኑኑ ማንበብ ከቻሉ ደግሞ ባይነኩት ይሻላል።

ገና ከጉድጓዱ እንዳወጣሁት ምን ላድርግ?

በአውራ ጣትዎ አይሹት። ሁሉም ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ብዙ ሳንቲም የሚበላሸውም ቤት ሳይደርስ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን መዳብ 3 ገደማ ነው፤ አረንጓዴው ሽፋንም ከ4 አያልፍም። በጣት ሲጠርጉት እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ጭረት ትታ ታልፋለች። በምራቅ ማራስም አይጠቅምም።

ሳንቲሙን ከነአፈሩ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ይክተቱት፤ የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት፣ አብሮት የነበረውንም ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። ብዙ ሳንቲሞች እርስ በርስ ተጣብቀው ከወጡ ለመለያየት አይሞክሩ፤ መጣበቃቸው ራሱ በአንድ ከረጢት ወይም ጥቅል ውስጥ አብረው እንደተቀበሩ ሊናገር ይችላል።

የሕጉ ነገርም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ በመሣሪያ መፈለግ ክልክል ነው፤ በሌሎች ደግሞ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት የማያንስ 10 ወይም ከዚያ በላይ የመዳብ ሳንቲሞች በአንድነት ተቀብረው ከተገኙ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ይመለከታቸዋል። የትም ይሁኑ የት፣ መጀመሪያ ያሳውቁ፤ ማጽዳቱ በኋላ ይደርሳል።

አረንጓዴው ነገር ዝገት ነው አይደል? ታዲያ ለምን አላነሣውም?

ዝገት ነው፤ ግን እንደ ብረት ዝገት አይደለም። የብረት ዝገት ልፍስፍስና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ እየረገፈ ለተጨማሪ ዝገት መንገድ ይከፍታል። በመዳብ ላይ መጀመሪያ የሚፈጠረው ኩፕራይት የተባለ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ነው። በላዩ ላይ ከእርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ አረንጓዴው ማላካይት፣ አልፎ አልፎም ሰማያዊው አዙራይት ይበቅላል። እነዚህ ጥቅጥቅ ብለው ከተኙ ከሥራቸው ያለውን መዳብ ይጠብቁታል። ሰብሳቢዎች ይህን የዕድሜ ሽፋን ፓቲና ይሉታል፤ ለስላሳ፣ ጠንካራና አንድ ወጥ ሆኖ ሲገኝ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጌጥ ያዩታል።

ሁሉም ፓቲና እኩል አይደለም። ለስላሳ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጣት አይንካው። እባጭ እባጭ የሚል ሸካራ ቅርፊት ከሆነ ከሥሩ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ ወደ ታች መልስ አለ። ነጣ ያለ፣ ዱቄት የሚመስል አረንጓዴ ከሆነ ግን ጉዳዩ የውበት መሆኑ ቀርቶ የሕልውና ሆኗል፤ እሱም ወደ ታች ተብራርቷል።

ማጽዳት ዋጋውን ይቀንሳል?

በቅርብ ዘመን ሳንቲሞች ላይ አዎ፤ ያውም በብዙ። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት ታዋቂ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች በኃይል የጸዳ ሳንቲም ሲደርሳቸው እንደ ሌላው የቁጥር ደረጃ አይሰጡትም፤ «የጸዳ» የሚል ምልክት ለጥፈውበት ይመልሱታል። ልምድ ያለው ገዢም ድርጅት አያስፈልገውም። ሳንቲሙን ከመብራት ሥር ይዞ ትንሽ ሲያዘነብለው በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ብልጭ ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

በጥንታዊ ሳንቲሞች ላይ መልሱ ለዘብ ይላል። ከመሬት የወጣ የሮም ወይም የግሪክ የነሐስ ሳንቲም በገበያ ላይ ሲታይ አንድ ሰው አፈሩን አንሥቶለታል ማለት ነው፤ ይህንን ማንም አይቃወምም። የሚጠላው ፓቲናው የተገፈፈ እንደሆነ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በመሣሪያ የሚገኙት አብዛኞቹ የመዳብ ሳንቲሞች ይህ ነው የሚባል የገበያ ዋጋ የላቸውም። የሚጠበቀው በላያቸው ያለው መረጃ ነው።

አፈሩን ብቻ በሰላም ለማስለቀቅ ምን ላድርግ?

በደረቁ ይጀምሩ። ሳንቲሙን ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት፤ አፈሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ ሲነካኩት ብዙው በራሱ ይወድቃል። ብሩሹ እንደ ሥዕል ብሩሽ የለሰለሰ ይሁን። የናይለን የጥርስ ብሩሽ የሚመስለውን ያህል ገር አይደለም፤ በተለይ አሸዋ ባለበት። በደረቁ ከጠራ ወደ ውሃ መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ግን ውሃ ካልነካው የጸዳ አይመስለውም።

የጭቃ አፈር ደንድኖ እምቢ ካለ ወደ ውሃ ይሂዱ፤ የቧንቧ ውሃ ግን አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና የተሟሟ ጨው አለው፤ የመዳብ ትልቁ ጠላት ደግሞ በጨው ውስጥ የሚገኘው ክሎራይድ ነው። የሚያስፈልገው ተንኖ የጠራ ውሃ ነው። ለመኪና ባትሪ መሙያ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ጠርሙስ ከሚሸጠው የባትሪ አሲድ ጋር እንዳያምታቱት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሳንቲሙን ለብቻው በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ይንከሩትና ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። በመሀል እያወጡ የለሰለሰውን አፈር በእርጥብ ጥጥ ያንሡ፤ ጥጡን በሳንቲሙ ላይ እያሽከረከሩ ያልፉታል እንጂ አይፈግፉበትም፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። በፊደላቱ መካከል የቀረውን በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ጫፍ ይነካኩ፤ ስንጥሩን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ጫፉ ይለሰልሳል።

ማድረቁ ከማጠቡ አያንስም። ውሃውን በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያሉ ያስመጥጡ፤ አያሹት። ከዚያ ንጹሕ አልኮል ወይም አሴቶን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆይ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ይወጣል። አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ መስኮት ይከፈት፤ እሳት አጠገብ አይሆንም። ላዩ የደረቀ የሚመስል ሳንቲም ውስጡ እርጥበት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ወደ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ አንድ ቀን ይደር።

ለረጅም ጊዜ ማዳበሪያ ሲጨመርበት ከቆየ የእርሻ መሬት የወጣ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ላዩ ተበልቶ ይገኛል። እንዲህ ያለው በውሃ ውስጥ ሽፋኑ ቁርጥራጭ ሆኖ ሊለቅ ስለሚችል በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይወሰኑ።

ሎሚ፣ አቼቶ ከጨው ጋር፣ ኮካ ኮላ፣ የጥርስ ሳሙናስ? ሲያበሩ አይቻለሁ።

ያበራሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ያበራሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሎሚ ሲትሪክ አሲድ፣ አቼቶ አሴቲክ አሲድ፣ ኮካ ኮላ ፎስፎሪክ አሲድ አላቸው። አሲድ ማላካይቱንና ኩፕራይቱን አሟሙቶ ከሥር ያለውን ባዶ መዳብ ያወጣል። ሮዝ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት፣ ዘውዱ ከጎፈሩ የማይለይ ክብ ብረት እጅዎ ላይ ይቀራል። አቼቶ ከጨው ጋር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጨው ክሎራይዱን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚተው ጉዳቱ ሳንቲሙ ከታጠበ በኋላም ይቀጥላል።

የጥርስ ሳሙና፣ አመድና ብርጭቆ ወረቀት የሚሠሩት በመፈግፈግ ነው፤ የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ። በረኪና ክሎሪን አለው። አሞኒያ ያለበት የብረት መወልወያ መዳቡን ራሱን ያሟሟል፤ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር የሚያዩት ቀለም ሳንቲምዎ ነው። ቤኪንግ ሶዳና አሉሚኒየም ፎይል ደግሞ ለጠቆረ ብር የሚነገር ዘዴ ስለሆነ ወደ መዳብ የሚያመጣው ነገር የለም።

የወይራ ዘይት ውስጥ ለወራት መንከር ይመከራል ይባላል። እውነት ነው?

የቆየ ዘዴ ነው፤ ደንዳና አፈርን ቀስ ብሎ ማለስለሱም እውነት ነው። ነገር ግን የወይራ ዘይት ራሱ ደካማ አሲድ አለው፤ በወራት ውስጥ ከመዳቡ ጋር ይዋሐዳል፣ ዘይቱም አረንጓዴ ይሆናል። ፓቲናውን ያጠቁረዋል። ወደ ቀዳዳዎቹ የገባውን ማስወጣትም አስቸጋሪ ነው፤ ሳንቲሙ በኋላ የተሻለ ሕክምና ቢያስፈልገው ዘይቱ መድኃኒቱን ይከለክላል። የግድ ዘይት ካሉ አሲድ የሌለው ፓራፊን ዘይት ይሻላል፤ ውጤቱ ያነሰ ቢመስልም ጉዳቱም ያነሰ ነው።

ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድስ?

ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3 በመቶውን ሞቅ አድርገው የሚጠቀሙ ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች አሉ። ፐርኦክሳይዱ ሲበታተን የሚወጣው የኦክስጅን አረፋ አፈሩን ከሥሩ ያላቅቀዋል። አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አፈሩን ከነፓቲናው ያነሣዋል፤ የትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው ከሆነ በኋላ ነው። ተራ በሆነና ዋጋ በሌለው የቅርብ ዘመን ሳንቲም ላይ መሞከር የባለቤቱ ምርጫ ነው። በጥንታዊ ሳንቲም፣ የብር ወይም የወርቅ ቅብ ሊኖረው በሚችል፣ ወይም ላዩ በተሰነጣጠቀ ላይ ግን አይሞከርም።

ኤሌክትሮሊሲስ ከሁሉ ፈጣን ነው ይሉኛል።

ፈጣን ነው። ኤሌክትሮሊሲስ ማለት ዕቃውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ነው። በዝገት ቅርፊት የተሸፈነን የብረት ዕቃ ለማዳን የሚጠቅም ዘዴ ስለሆነ ስሙ የገነነው በዚያ ነው፤ የመዳብ ሳንቲም ላይ ሲውል ግን ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ገፎ እንደ አሲዱ ያለ ባዶ ብረት ያስረክባል። በጤና በኩልም አደጋ አለው። በውሃው ውስጥ የገበታ ጨው ከተጨመረ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ማንኪያን የመሰለ የማይዝግ ብረት እንደ አዎንታዊ ጫፍ ከተሰካ ደግሞ መርዛማ የክሮሚየም ውሁድ ወደ ውሃው ሊገባ ይችላል። የአልትራሳውንድ ማጠቢያም በሌላ ምክንያት አይመከርም፤ ንዝረቱ የተሰነጠቀ ፓቲናን ያራግፋል።

አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ሁሉ መዳብ ነው?

አይደለም፤ ከዚህ ስሕተት የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። ከብርና ከመዳብ ቅልቅል የተሠራ ሳንቲም በአፈር ውስጥ ሲቆይ መዳቡ ወደ ላይ ወጥቶ አረንጓዴ ስለሚለብስ ተራ መዳብ መስሎ ይወጣል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የተቀረጹ ብዙ የሮም ሳንቲሞች ከላይ እጅግ ስስ የብር ሽፋን ነበራቸው፤ ከአረንጓዴው ሥር እስከ ዛሬ የተረፈ ይገኛል። በአንዳንድ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ የወርቅ ቅብ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። የሁሉም ቅብ ውፍረት ከጥጥ ላይ ከሚቀር እድፍ አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ በጠንካራ ብሩሽ ከተነካ ይጠፋል። ጠርዙንና ጥልቅ ቦታዎቹን በማጉያ መነጽር አይተው አንድም የብርማ ወይም የወርቅማ ነቁጥ ካዩ ሥራውን እዚያው ያቁሙ።

በተቃራኒው መዳብ የሚመስል መዳብ ያልሆነም አለ። የአሜሪካ አንድ ሳንቲም እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ውስጡ ዚንክ፣ ላዩ ስስ መዳብ ነው፤ ክብደቱም ከ3.11 ግራም ወደ 2.5 ግራም ወርዷል። የእንግሊዝ ፔኒ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ የዩሮ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞችም ከመጀመሪያው፣ መዳብ የለበሱ ብረት ናቸው። ማግኔት ከሳበው ጥያቄው ተመለሰ።

በስንጥርና በመርፌ መፋቅ ጀምሬያለሁ። የት ላይ ላቁም?

ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ቅርፊት የያዘ ሳንቲም ከውጭ ወደ ውስጥ ሲታይ በአብዛኛው እንዲህ ይደረደራል፦ አፈር፣ አፈርና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሸካራ ቅርፊት፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ፣ ቀይ ኩፕራይት፣ በመጨረሻ መዳቡ። ሳንቲሙ ከሰው እጅ ሲወድቅ የነበረው ገጽ የሚገኘው ከብሩሁ መዳብ በላይ፣ ጥቅጥቅ ባለው አረንጓዴና በቀዩ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቀይ ብቅ ካለ ይቁሙና ዙሪያውን ይዩ። የሚያብረቀርቅ መዳብ ካዩ ደግሞ ገጹን አልፈውታል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሥራው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሥር ይሁን። የሚጀመረው ከምስሉ ሳይሆን ጠርዝ አካባቢ ካለ ባዶ ቦታ፣ የጤፍ ቅንጣት ከምታህል ስፍራ ነው። ከለስላሳው መሣሪያ ወደ ጠንካራው ይሂዱ፦ ስንጥር፣ እሾህ፣ የጃርት ወስፌ፣ መርፌ በመጨረሻ። የጃርት ወስፌ የሙዚየም ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት ነው፤ ለአፈርና ለቅርፊት ይጠነክራል፣ ለመዳብ ግን ይለሰልሳል። መርፌ ከያዙ ወደ ገጹ አዘንብለው በጎን ይያዙት፤ ቀጥ ብሎ የቆመ መርፌ ይወጋል። እጅ ከዓይን ቀድሞ ያውቃል፦ ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ሲነሣ ትንሽ የሚያንኮራኩር ስሜት አለው፤ ገጹ ላይ ሲደርሱ ግን ጫፉ መንሸራተት ይጀምራል። መንሸራተት የጀመረበት ቦታ ላይ ያቁሙና ጎኑን ይጀምሩ። መዳቡና ቅርፊቱ እኩል ከጠነከሩ ሳንቲሙ ለእርስዎ አይደለም፤ ለባለሙያ ይተውት።

ከመፋቅዎ በፊት ቅርፊቱን ራሱን አንድ ጊዜ ይመርምሩ። የመዳብ ጨው ጨርቅ የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳትን ስለሚገድል፣ ሳንቲሙ በጨርቅ ተቋጥሮ ከተቀበረ የጨርቁ ምስል በአረንጓዴው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ ሲያልፍ፣ ክሩ ወደ የት እንደተገመደ ሳይቀር ይታያል። ጨርቁ ራሱ ከጠፋ ስንት መቶ ዓመት ሆኖት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመዎት ከሳንቲሙ ይልቅ ቅርፊቱ የበለጠ ዋጋ አለውና መርፌውን ያስቀምጡ።

ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ጠርጌው ተመልሶ መጣ። «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ይህ ነው?

ጠርገውት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከተመለሰ አዎ። ስሙ በሽታ ይባል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር የለበትም። ከመዳቡ አጠገብ የተቀመጠ የመዳብ ክሎራይድ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፤ በዚያው ሂደት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣል፤ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላና እንደገና ክሎራይድ ይሆናል። ዙሩ መዳብና እርጥበት እስካሉ ድረስ አያበቃም፤ ሳንቲሙን ወደ ዱቄት ሊጨርሰው ይችላል። ክሎራይዱ የሚመጣው ከጨዋማ አፈር፣ ከባሕር፣ ከእጅ ላብ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ካለበት ማዳበሪያ፣ ወይም አስቀድሞ እንደተባለው ከአቼቶና ጨው ነው።

ከተጠራጠሩ ሳንቲሙን እርጥብ ጥጥ ካለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ጥጡን ሳይነካ ለአንድ ሁለት ቀን ያስቀምጡት። ጤነኛ አረንጓዴ እንዳለ ይቆያል፤ የታመመው አዳዲስ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ያወጣል። የታመመውን ከሌሎቹ ይለዩ። ዱቄቱን ሲጠርጉ ጓንት ያድርጉ፣ አይተንፍሱት፤ የመዳብ ጨው መርዝ ነው፤ የምግብ ዕቃም አይጠቀሙ።

የመጀመሪያው ሕክምና ማድረቅ ነው። አንጻራዊ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች፣ ቢቻል ወደ 35 ሲወርድ ዙሩ ይቆማል። ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥበት የሚመጠውን ሲሊካ ጄል፣ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያና ሳንቲሙን አብሮ ማስቀመጥ ብዙ ሳንቲም አትርፏል። ከዚያ የሚያልፈው ክሎራይዱን በንጹሕ ውሃ በተበጠበጠ 5 በመቶ ሶዲየም ሴስኪካርቦኔት ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየቀየሩ ማስወጣት ነው፤ ይህ ግን ፓቲናውን ወደ ሰማያዊ ሊለውጠው ይችላል። ባለሙያዎች ቤንዞትራያዞል የተባለ ኬሚካል በአልኮል አሟሙተው ይጠቀማሉ። ለጤና ስለሚያሰጋ የቤት ሥራ አይደለም።

ከባሕር ዳርቻ ያገኘሁትስ?

እንዲደርቅ አይተዉት። ጨዉ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ክሪስታል ሲሠራ ገጹን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርገው ይዘውት ይሂዱ፤ ከዚያ ውሃውን እየቀየሩ ለሳምንታት ያቆዩት። ጨው መውጣት ማቆሙን ለማወቅ ባለሙያዎች ከውሃው ጥቂት ወስደው ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ያደርጉበታል፤ ውሃው ከደፈረሰ ክሎራይድ ገና አለ።

ካጸዳሁት በኋላ ሰም ልቀባው? የት ላስቀምጠው?

ፍጹም ከደረቀና በሽታ እንደሌለበት ከተረጋገጠ ስስ የማይክሮክሪስታላይን ሰም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመመው ሬኔሳንስ ዋክስ በዚህ ይታወቃል። አስፈላጊ ከሆነ በማሟሟያ ይነሣል፤ ከዘይትና ከቫርኒሽ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በሰም ከተሸፈነ በኋላ ውስጡ የቀረ እርጥበት ግን መውጫ የለውም፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ለማስቀመጫ ፒቪሲ ፕላስቲክን ይራቁ። ሲያረጅ የሚለቀው ነገር በመዳብ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ ይሠራል። አሲድ የሌለው ወረቀት፣ ፖሊኤቲሊን ወይም ማይላር የተባለው ፕላስቲክ ይሆናል። ሲይዙት ጠርዙን ይያዙ።

ምክሩን ሳላገኝ በፊት ገፍፌው ሮዝ ሆኗል። መመለስ ይቻላል?

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያለቀው ፓቲና አይመለስም። አሁን የሚደረገው ጉዳቱ እንዳይቀጥል ማቆም ነው፦ አሲድ ከነካው ለቀናት በንጹሕ ውሃ እየቀየሩ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከላብ መጠበቅ። በአየር ውስጥ ሲቀመጥ በዓመታት ውስጥ ራሱ ወደ ቡናማ ይመለሳል። በድኝ ውሁዶች በፍጥነት የሚያጠቁሩት አሉ፤ ለራስ ከሆነ ማንንም አይጎዳም፤ ለመሸጥ ከሆነና ለገዢው ካልተነገረ ግን ማታለል ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ አይታይም። ሳላጸዳው የማነብበት መንገድ አለ?

አለ፤ ያውም መጀመሪያ መሞከር ያለበት እሱ ነው። ክፍሉን ያጨልሙና ባትሪዎን ከሳንቲሙ ጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያብሩ። ብርሃኑ በአግድም ሲያልፍ ከዓይን የተሰወረ ከፍታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ አንዱ ፊደል በአንድ አቅጣጫ ሲታይ ሌላው ይጠፋልና በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡና ያስተያዩ። የሳንቲሙን ስፋት በሚሊሜትር፣ ክብደቱን በግራም ይለኩ፤ እነዚህ ከጥቂት ፊደላት ጋር ሲደመሩ ብዙ ጊዜ ለመለየት ይበቃሉ።

ይህም ካልሆነ በኤክስሬይ ቅርፊቱን ሳይነኩ ከሥሩ ያለውን ምስል የሚያዩ የሙዚየም ቤተ ሙከራዎች አሉ። ለባለሙያ ከመስጠትዎ በፊት ሰምም ሆነ ዘይት አይቀቡት፤ ቀደም ሲል ፐርኦክሳይድም ሆነ ሎሚ ነክቶት ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ የሚመርጠው ሕክምና በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።